ለደብረ ብርሃንና ለአንኮበር መንገድ ስለ ሃይብሪድ መኪና አመራረጥ

(በሬዲዮ ከተሰጠው ንግግር የታተመ)



ዛሬ ልናገርበት ያሰብሁት ጉዳይ ብዙ የመንግሥት ሠራተኛ በልቡ የሚያወጣው የሚያወርደው፤ ነገር ግን ከሻጩ ቃል በቀር ሌላ ምስክር የማያገኝለት ጉዳይ ነው። ይኸውም በአዲስ አበባ እየሠራ የዕረፍት ቀኑን ከከተማ ወጥቶ በሰሜን ሸዋ ደጋ ላይ ለማሳለፍ የሚወድ ሰው፤ ከመሬት ከፍ ያለ ሃይብሪድ የቤተ ሰብ መኪና ለመግዛት ቢነሣ የትኛውን ይምረጥ የሚለው ነው።

ይህን የድሎት ጥያቄ ነው ብሎ የሚንቅ ሰው አይጠፋም። ነገር ግን መኪና ለደመወዝተኛ ሰው የብዙ ዓመት ቁጠባና የባንክ ዕዳ ነው፤ በመጀመሪያው ግዢ የተሳሳተ ሰው ሁለተኛ ዕድል አያገኝም። ከገንዘቡም በላይ፤ ከጣርማ በር ጫፍ ወደ ቆላው በሚወርድበት ጊዜ ልጆቹ ከኋላ ወንበር የተቀመጡት በዚያው መኪና ውስጥ ነው። የአንኮበርን የቤተ መንግሥት ጉብታ፣ የወፍ ዋሻን ደን፣ የመንዝ ጓሳን የጭላዳ መንጋና ቀይ ቀበሮ ለማየት የሚነሣ መንገደኛ የሚሄድበት አገር፤ ሸዋ ሮቢት ላይ 1300 ሜትር ያህል ሆኖ ጣርማ በር ላይ ከ3000 ሜትር በላይ የሚሆን አገር ነው። የሻጩ ወረቀት ግን የሚናገረው መኪናው በመቶ ኪሎ ሜትር ስንት ሊትር እንደሚጠጣ ነው፤ ያም ልክ የተገኘው በቤተ ሙከራ እንጂ በዳገት ላይ አይደለም።

የእኔ አሳብ ይህ ነው። ለዚህ አገር የሚሆን ሃይብሪድ የሚለየው በነዳጅ ቁጠባው ሳይሆን፤ ባትሪው ሲሞላበትና ባትሪው ሲያልቅበት በሚያደርገው ነገር ነው። ለምን እንደዚህ እንዳልሁ ላስረዳ።

«ሃይብሪድ» የሚለው ቃል የውጭ ቃል ቢሆንም፤ ነገሩ ለሸዋ ሰው እንግዳ አይደለም፤ በቅሎ ራሷ ሃይብሪድ ናትና። እናቷ ፈረስ አባቷ አህያ ሲሆኑ፤ ከእናቷ ቁመትንና ርምጃን፤ ከአባቷ ጽናትንና ጥንቃቄን ወስዳለች። አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መናገሻ በነበረችበት ዘመን ከባሕር ጠረፍ የሚመጣው ሲራራ ነጋዴ ግመሉን ከተራራው ግርጌ ትቶ፤ ዕቃውን በበቅሎ፣ በአህያና በሰው ሸክም ወደ ላይ ያወጣ ነበር። ግመል ደካማ ስለ ሆነ አይደለም፤ ለሌላ መሬት የተፈጠረ ስለ ሆነ ነው እንጂ።

ሃይብሪድ መኪናም በአንድ አካል ሁለት ጉልበት ይዟል። አንዱ ቤንዚን የሚያቃጥል ሞተር፤ ሁለተኛው ከባትሪ የሚመገብ የኤሌክትሪክ ሞተር ነው። የኤሌክትሪኩ ሞተር መኪናው ሲነሣና ሲፋጠን ያግዛል። ነጂው ፍሬን ሲይዝ ወይም ቁልቁለት ሲወርድ ደግሞ ሥራውን ገልብጦ ዲናሞ ይሆንና፤ በፍሬን ሙቀት ሊባክን የነበረውን ኃይል ወደ ባትሪው ይመልሳል። ብልሃቱ ብዙ ሰው እንደሚገምተው አዲስ አይደለም። ፈርዲናንድ ፖርሽ በቪየና በሎነር ፋብሪካ ሳለ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1900 ቤንዚንና ኤሌክትሪክን ያጣመረ ሠረገላ ሠርቶ ነበር፤ ይህም ዐፄ ምኒልክ በአዲስ አበባ የመጀመሪያውን አውቶሞቢል ከማየታቸው ሰባት ዓመት ያህል ይቀድማል። በብዛት ተሠርቶ ለገበያ የወጣው ግን በፈረንጆች 1997 ቶዮታ ፕሪየስ የተባለውን መኪና በጃፓን ሲሸጥ ነው።

በዚህ በአንድ ስም የሚጠሩ መኪናዎች በእውነቱ ሦስት ዐይነት ናቸው። አንደኛው በ48 ቮልት የሚሠራ አነስተኛ ረዳት ሞተር ያለው ነው፤ ይህ ረዳት ሞተሩን ከማገዝ አልፎ መኪናውን ብቻውን ሊያንቀሳቅስ አይችልም። ቢሆንም በጀርባው ላይ እንደ ሌሎቹ «ሃይብሪድ» የሚል ጽሕፈት ይለጠፍበታል። በቅሎን «አባትሽ ማን ነው?» ቢሏት «እናቴ ፈረስ ናት» አለች እንደሚባለው፤ ስለ ባትሪው ሲጠየቅ የፋብሪካውን ስም የሚጠራ ሻጭ ሲገጥማችሁ ጥያቄያችሁን ድገሙለት። ሁለተኛው ሙሉ ሃይብሪድ ነው፤ ይህ ለጥቂት መንገድ በኤሌክትሪክ ብቻ መሄድ ይችላል፤ ባትሪውም የሚሞላው በራሱ ሞተርና በፍሬን እንጂ ከግድግዳ ሶኬት አይደለም። የቶዮታ ራቭ-ፎር ሃይብሪድ፣ ኮሮላ ክሮስ፣ ሆንዳ ሲ-አር-ቪና ሂዩንዳይ ቱሳን ሃይብሪዶች ከዚህ ወገን ናቸው። ሦስተኛው ከሶኬት የሚሞላ ሃይብሪድ ነው፤ በአዲስ አበባ መንገድ ላይ የሚታየው የቻይናው ቢ ዋይ ዲ ሶንግ ፕላስ፤ ዲ ኤም አይ የተባለው ስሪቱ፤ ከዚህ ይመደባል።

በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል ያለውን ልዩነት በቤት ዕቃ ላስረዳ። የመብራት ሒሳባችን የሚቆጠረው በኪሎ ዋት ሰዓት ነው። የራቭ-ፎር ሃይብሪድ ባትሪ ሙሉ መጠኑ 1.6 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ነው፤ በእንጀራ ምጣድ ብንለካው ባትሪው የኤሌክትሪክ ምጣድን ከግማሽ ሰዓት በላይ አያስጋግርም። ከሶኬት የሚሞሉት ግን፤ ከሶንግ ፕላስ ስሪቶች አንዱን ብንወስድ፤ 18 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይይዛሉ፤ ይህም ከዐሥር እጥፍ በላይ ነው። እንግዲህ የዛሬው ንግግሬ በሙሉ በዚህ በትንሹና በትልቁ ማጠራቀሚያ ልዩነት ላይ የቆመ ነው።

አሁን ወደ ደጋው እንውጣ። ሞተር ለማቃጠል አየር ያስፈልገዋል። በደብረ ብርሃን ከፍታ፤ ማለት በ2800 ሜትር ግድም፤ አየሩ በባሕር ወለል ላይ ካለው በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ስለዚህ ቱርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን በዚያ ያጣል። 1.8 ሊትር ሞተር ያለው የኮሮላ ክሮስ ሃይብሪድ ሞተር ብቻውን 98 የፈረስ ጉልበት ነው ቢባል፤ ሸኖንና ጫጫን አልፎ ደብረ ብርሃን ሲደርስ 73 ያህል ብቻ ይቀረዋል። 2.5 ሊትሩ የራቭ-ፎር ሞተር ደግሞ ከ170 በላይ ሆኖ ተነሥቶ 130 ያህል ይቀረዋል። እንደ ቱሳን ሃይብሪድ ያለ ባለ ቱርቦ ሞተር ሳሳ ያለውን አየር አምቆ ስለሚያስገባ ጉዳቱ ይቀንስለታል። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን አየር አይተነፍስም፤ ሞጆ ላይ የነበረው ጉልበቱ ጣርማ በር ላይም ያው ነው። ሃይብሪድ ለደጋ አገር ተስማሚ ነው የሚባለው እውነት የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው፤ ነገር ግን ባትሪው ውስጥ ኃይል እስካለ ድረስ ብቻ ነው። ይህችን «እስካለ ድረስ» የምትል ቃል ሻጮች አይናገሯትም።

ከሸዋ ሮቢት ተነሥቶ በደብረ ሲና በኩል ወደ ጣርማ በር የሚመለሰውን መንገደኛ እናስብ። 1700 ሜትር ያህል መውጣት አለበት። አምስት ሰውና ሻንጣ የጫነ ሁለት ሺህ ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪናን ይህን ያህል ከፍታ ለማንሣት ብቻ ከ9 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ ኃይል ያስፈልጋል፤ የነፋሱና የጎማው ሰበቃ ገና አልተቆጠረም። ሙሉው ሃይብሪድ የያዘው 1.6 ነው፤ ባትሪው እንዳይጎዳ ሲባል መኪናው ከዚህም በግማሽ ያህሉ ብቻ እንዲጠቀም ተወስኗል። ስለዚህ የዳገቱ መጀመሪያ ላይ ባትሪው ያልቅና የቀረውን መንገድ ሁሉ ሞተሩ ብቻውን፤ ያውም ሩብ ጉልበቱን እየተነጠቀ፤ ይገፋዋል። ትንሹ ሞተር በዚህ ጊዜ ይጮኻል፤ ከባድ መኪና ለመቅደምም ጉልበት ያጥረዋል። በጠባብና ጠምዛዛ መንገድ፤ በጉም ውስጥ፤ ለመቅደም ጀምሮ ጉልበት ማጣት ምን ማለት እንደ ሆነ መንገዱን የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል። በዚህ ምክንያት ሙሉ ሃይብሪድ ለሚገዛና ወደዚህ አገር ለሚመላለስ ሰው፤ ነዳጅ ይቆጥባል ተብሎ ትንሹ ሞተር የተሻለ ነው የሚለውን ምክር አልቀበለውም። ትልቁን ሞተር ወይም ባለ ቱርቦውን ይውሰድ።

ከሶኬት የሚሞላው ዳገቱን በቀላሉ ሊወጣው ይችላል፤ ነጂው ግን ብልህ መሆን አለበት። አብዛኞቹ እንዲህ ያሉ መኪናዎች የባትሪውን ኃይል ለኋላ ማስቀመጫ ማዘዣ አላቸው። በሜዳው ላይ በቤንዚን ሄዶ የኤሌክትሪኩን ለዳገቱ ማቆየት ነው ብልሃቱ። ይህን የማያውቅ ሰው በሜዳው ላይ ባትሪውን አራቁቶ ከዳገቱ ግርጌ ሲደርስ፤ የባትሪውን ክብደት ተሸክሞ በትንሽ ሞተር የሚወጣ መኪና ይቀረዋል፤ ከሁሉም የከፋው ይህ ነው።

ቁልቁለቱ ከዳገቱ ይልቅ ያሳስበኛል። ከጣርማ በር ወደ ሸዋ ሮቢት ሲወረድ ያው ከ9 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ የሆነ ኃይል ተመልሶ ይመጣል። ከፊሉን የጎማው ሰበቃና ነፋሱ ይበሉታል፤ የቀረውን ግን አንድ ነገር ሊይዘው ይገባል። በሙሉው ሃይብሪድ ትንሹ ባትሪ ደብረ ሲና ሳይደረስ ይሞላል። ከሞላ በኋላ ዲናሞው ኃይሉን የሚያስቀምጥበት ስለሌለው መኪናው መያዙን ያላላል፤ የጫናው ዕዳም በፍሬኑ ላይ ይወድቃል። ፍሬን ያለ ዕረፍት ሲያዝ ይግላል፤ የጋለ ፍሬንም ይከዳል። ለዚህ የተሠራ መድኃኒት አለ። በብዙ የቶዮታ ሃይብሪዶች ማርሽ መምረጫው ላይ «ቢ» የተባለ ምልክት አለ፤ ወደዚያ ሲገባ መኪናው ሞተሩን ያለ ነዳጅ እያሽከረከረ ራሱን ይይዛል። በዚህ ጊዜ ሞተሩ ከፍ ባለ ድምፅ ስለሚጮኽ ብዙ ሰው ተበላሸ ብሎ ይደነግጥና ይመልሰዋል። ጩኸቱ የደኅንነት ድምፅ ነውና አይመለስ። ወደ «ቢ» የሚገባውም ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት እንጂ ፍሬኑ መሽተት ከጀመረ በኋላ አይደለም።

ትልቁ ባትሪ በዚህ ረገድ ብልጫ አለው፤ ባዶ ቦታ ካለው። ከደብረ ብርሃን ሙሉ ባትሪ ይዞ ተነሥቶ እስከ ጣርማ በር ያለውን 50 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ በኤሌክትሪክ የሄደ ሰው፤ ቁልቁለቱ ሲጀምር ባዶ ጋን ይዞ ስለሚደርስ የሚወርደውን ኃይል ሁሉ ያጠራቅማል። ነገር ግን አንኮበር ላይ አድሮ፤ ሌሊቱን ባትሪውን ጢም አድርጎ ሞልቶ፤ ጠዋት በቀጥታ ወደ አልዩ አምባ የሚወርድ ሰው አንድ ጠብታ እንኳ የሚጨምርበት ቦታ የለውም። እንዲህ ያለው ሰው ባትሪውን ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ሞልቶ ይነሣ። በሜዳ አገር የሚኖር ሰው ይህን ምክር ቢሰማ እንደ እብደት ይቆጥረዋል፤ ለአንኮበር ግን ትክክለኛው ነው።

ከአስፋልት ከወጣን በኋላ የሚመጣው ጥያቄ የጎማ ነው። «ሃይብሪድ ነው፤ አራቱም ጎማ ይነዳል» ሲባል እንዴት እንደሚነዳ ጠይቁ። ባለ አራት ጎማው የራቭ-ፎር ሃይብሪድ ከፊት ወደ ኋላ የሚሄድ ዘንግ የለውም፤ የኋላውን ጎማ የሚያዞረው 40 ኪሎ ዋት ያህል ጉልበት ያለው ሌላ ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ነው። በክረምት ጭቃ ላይ ተንሸራትቶ ለመውጣት፤ በኮረኮንች ዳገት ላይ ለመነሣት ይህ መልካም አገልጋይ ነው። ነገር ግን እንደ ላንድ ክሩዘር ዝግተኛ ማርሽ ያለው ፎር ባይ ፎር አይደለም፤ በረግረግ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ካስጨነቁት ይግላል፤ ሲግልም ራሱን ለማዳን ሥራውን ይቀንሳል። በፊት ጎማ ብቻ የሚነዳ የራቭ-ፎር ሃይብሪድም ስላለ ከውጭ መልኩ አይታመንም። በአዲስ አበባ በብዛት የሚታየው ሶንግ ፕላስ ዲ ኤም አይ በፊት ጎማ ብቻ የሚነዳ ነው። በበጋ ደረቅ መንገድ አንኮበርን አይቶ ለሚመለስ ሰው ይህ አይጎዳውም፤ በሐምሌና በነሐሴ ከዋናው መንገድ ወጥቶ ወደ ወላጆቹ መንደር ለሚገባ ሰው ግን ይጎዳዋል።

ከመሬት ያለው ከፍታ በአብዛኞቹ ከ16 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ነው። አራት ሳንቲ ሜትር በወረቀት ላይ ምንም አይመስልም፤ በሸዋ ጥቁር ድንጋይ ላይ ግን የሆድ ዕቃው ይነካል ወይም አይነካም የሚለውን የሚወስነው እርሱ ነው፤ በተለይም ከሥር የከፍተኛ ቮልት ገመድ ለሚያልፍበት መኪና። ልኩንም ሰው ሳይጫን አትውሰዱት። ደግሞም የኋላውን ክፍል ከፍታችሁ ትርፍ ጎማ መኖሩን በዐይናችሁ እዩ። ብዙዎቹ ሃይብሪዶች ለባትሪው ቦታ ሲባል ትርፍ ጎማ የላቸውም፤ በምትኩ የሚሰጠው የማጣበቂያ ጠርሙስ ነው። ስለታም ድንጋይ ጎኑን ለቀደደው ጎማ ይህ ጠርሙስ ምንም አይረባም።

ስለ መኪናው ይህን ያህል ካልን ስለ ገዥው ቤት ደግሞ እንጠይቅ። በግቢው ውስጥ መኪና የሚያቆምና ሶኬት የሚያስገባ ሰው ከሶኬት የሚሞላውን ሃይብሪድ ቢገዛ ይጠቀማል። 18 ኪሎ ዋት ሰዓቱን ባትሪ በተራ የ220 ቮልት ሶኬት ለመሙላት ስምንት ወይም ዘጠኝ ሰዓት ይፈልጋል፤ ማለት አንድ ሌሊት ነው። ወደ ቢሮ መሄድና መመለስ ከዚያ በኋላ ያለ ቤንዚን ይፈጸማል። ነገር ግን በኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ የሚኖር ሰው መኪናውን ሜዳ ላይ አቁሞ ገመድ ከመስኮት አይወረውርም። የማይሞላ ባትሪ ተሸክሞ መዞር የዘወትር ቅጣት ነውና፤ ለእንዲህ ያለው ሰው ሙሉው ሃይብሪድ ይሻለዋል። ለቻይና ገበያ የተሠሩት መኪናዎች የመሙያ ሶኬታቸው በቻይና ደረጃ መሆኑንም አትርሱ፤ ከአውሮጳው ደረጃ መሙያ ጋር አይጋጠምም። በሌላ በኩል አንዳንዶቹ 220 ቮልት ወደ ውጭ የሚሰጥ መውጫ ስላላቸው፤ ድንኳን ተክሎ ለሚያድር ሰው መብራትና የቡና ውኃ ማፍያ አያጡትም። ከጃፓን ገበያ በመጡት ላይ የሚገኘው መውጫ ግን 100 ቮልት ነው፤ የእኛን ዕቃ ለመሰካት አይሆንም።

«ታዲያ ጨርሶ የኤሌክትሪክ መኪና ለምን አልገዛም?» የሚል ሊኖር ይችላል። ጥያቄው ትክክለኛ ነው። መንግሥት በ2014 ዓ.ም. ለኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎች የተጨማሪ እሴት ታክስን፣ ኤክሳይዝ ታክስንና ሱር ታክስን አንሥቷል፤ በጥር ወር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ተነግሯል። ሃይብሪድ እንግዲህ በሁለቱ መካከል ያለ ፍጡር ነው። ስለዚህ ከውጭ ለማስመጣት የሚያስብ ሰው ቀብድ ከመክፈሉ በፊት መኪናው በምን ስም እንደሚመደብና ምን እንደሚከፈልበት ከጉምሩክ ኮሚሽን በጽሑፍ ያረጋግጥ፤ አገር ውስጥ የገባውን የሚገዛም ሊብሬው ላይ የተጻፈው የነዳጅ ዐይነትና የሞተር ቁጥር ከመኪናው ጋር መስማማቱን ያመሳክር። ከአዲስ አበባ እስከ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር፤ ከዚያ እስከ አንኮበር 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ደርሶ መልሱ 340 ይሆናል። ኑሮው በሙሉ በከተማ ሆኖ አንኮበርን በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ የሚያይ ሰው፤ የኤሌክትሪክ መኪና ገዝቶ ለእነዚያ ሁለት ጉዞዎች መኪና ቢከራይ ወይም በአውቶቡስ ቢሄድ ከሃይብሪዱ የተሻለ ሒሳብ ሠርቷል እላለሁ። ሃይብሪድ ዋጋውን የሚያወጣው በየወሩ ለሚመላለሰው ነው።

የጥንቃቄውን ነገር በአጭሩ ልለፈው። ሃይብሪድ መኪና ተገፍቶ አይነሣም። ትልቁ ባትሪ ቢኖረውም መኪናውን የሚያነቃው ትንሹ የ12 ቮልት ባትሪ ነው፤ ብዙ ሳምንት ቆሞ እርሱ ከሞተ መንደርተኛው ሁሉ ተሰብስቦ ቢገፋው ዋጋ የለውም፤ ከሌላ መኪና ባትሪ በገመድ ማገናኘት ያስፈልጋል። በገመድ መጎተትም ክልክል ነው። የሚነዱት ጎማዎች መሬት ይዘው ሲሽከረከሩ የኤሌክትሪክ ሞተሮቹ አብረው ስለሚዞሩ ይጎዳሉ፤ አራቱም ጎማ የሚነዳው እንደ ሆነ በጫኝ መኪና ላይ ካልሆነ አይንቀሳቀስ። በገጠር መንገድ ሲበላሽባችሁ ሊረዳችሁ የሚሮጠው የአይሱዙ ሾፌር ይህን ላያውቅ ይችላልና እናንተ ንገሩት። በብዙዎቹ የቶዮታ ሃይብሪዶች የባትሪው ማቀዝቀዣ አየር የሚገባው ከኋላ ወንበር ሥር ነው። ብርድ ልብስና የድንኳን ጨርቅ እዚያ ላይ መደርደር፤ ወይም የኮረኮንቹን አቧራ ከማጣሪያው ሳያስጠርጉ መክረም፤ ባትሪውን በራስ እጅ ማፈን ነው። በጥቅምትና በኅዳር የደብረ ብርሃን ውርጭ ሲወርድ ደግሞ ባትሪው እስኪሞቅ ድረስ ኃይል መስጠትም መቀበልም ይቀንሳል፤ ሞተሩም ወዲያው ይነሣል። ጠዋት ላይ ነዳጅ በዛብኝ ብሎ ጋራዥ ለጋራዥ መዞር አያስፈልግም።

በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በተነሣው ግጭት ምክንያት መንገዶች በየጊዜው የሚዘጉበት ጊዜ ስለ ነበረ፤ ከመነሣት በፊት የመንገዱን ሁኔታ በዚያው ከሚኖር ዘመድ ወይም ወዳጅ በስልክ መጠየቅ ከማንኛውም የመኪና ዝግጅት ይቀድማል። ነዳጅም በተገኘበት ቦታ ይሞላ፤ ነዳጅ ማደያ መኖሩ ቤንዚን ለመኖሩ ዋስትና አይደለም።

በመጨረሻ ስለ ሙከራው። ሻጮች መኪና የሚያስሞክሩት በቦሌ ሰፊ መንገድ ላይ ነው፤ በዚያ ላይ መልካም ያልሆነ ሃይብሪድ የለም። እናንተ ግን የጣርማ በርን ከፍታ የሚያህል ተራራ በራስጌያችሁ አላችሁ። አራት ወዳጆቻችሁን ጭናችሁ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ውጡ። ስትወጡ የባትሪውን መለኪያ እያያችሁ፤ ወደ መጨረሻው ሲወርድ መኪናው ምን ያህል ጉልበት እንደሚቀረው ልብ በሉ፤ መሪውን የያዘውም ሰው ድምፁን ሳይሆን ፍጥነቱን ይከታተል። ከላይ ስትደርሱ ጥቂት ቆማችሁ ሞተሩ ባትሪውን እስኪሞላ ጠብቁ፤ ከዚያ በተሞላ ባትሪ ውረዱ። መኪናው በፍሬን ሳይረገጥ ራሱን ምን ያህል እንደሚይዝ፤ «ቢ» ወይም እርሱን የሚተካው ማዘዣ የት እንዳለ፤ ስንት ጊዜ ፍሬን መርገጥ እንዳስፈለገ ቁጠሩ። ከታች ስትደርሱ ወርዳችሁ ወደ አራቱም ጎማ ጠጋ በሉና የተቃጠለ የፍሬን ሽታ መኖሩን አረጋግጡ፤ ስለ ዋጋው የምትነጋገሩት ከዚያ በኋላ ይሁን።